ኑራ አፉ አልልም ያለች ጊዜ

ይቅርታ አድርጉልኝና ልጻፍ። እኔ ብዕር ይዤ ያደግሁ ሰው አይደለሁም። ፊደሉንም የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ ከጎልማሶች ጋር ተቀምጬ ነው። አሁንም ረዘም ያለ ቃል ሲመጣብኝ ቆም ብዬ በከንፈሬ ካላልኩት እጄ እሺ አይለኝም። የተማረ ሰው እጅ ቢገባ ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፣ ደግሜም ቀድጄዋለሁ። ግን የኑራን ነገር ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም እንደ አፉ ሲያወራው ሰማሁ። አንዱ ሽማግሌ ያዋረደች ይላታል፤ ሌላው ያልሠራችውን ሁሉ ይጨምርላታል። እኔ ጉሊት ላይ ከጎኗ ነው የምቀመጠው። ያየሁትን አይቻለሁ፣ ያላየሁትን እሷው ነግራኛለች። እንግዲህ የራሴን ነገር ልተወውና የሷን ልጻፍ። ስህተት ያለበት ቦታ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም።

ኑራ የወሎ ልጅ ናት። ከባሏ ከያሕያ ጋር ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ያሕያ ኤርፖርት ካርጎ ዕቃ ጫኝ ነው፤ በፈረቃ ስለሚሠራ ቤት ሲገኝ ተኝቶ ነው የሚገኘው። ኑራ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዋጋ የጠየቃት ሰው ጎንበስ ብሎ ካልሰማት አይገባውም። እንደኔ ስትጮህ፣ እንደኔ ስትሳደብ አታገኟትም። ሰው ዝምታዋን አይቶ የዋህ ይላታል።

እኔ ግን አውቃታለሁ። አንድ ጊዜ አንድ አከፋፋይ ከላይ ደህና ቲማቲም ደርድሮ ከሥር የበሰበሰ ሸጠላት። አንድ ቃል አልተናገረችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ራቅ ካለ ቦታ እየገዛች፣ ሸክሟን ይዛ ሆን ብላ በሱ በር ነው የምታልፈው። እንዲያያት ነው። ክረምት ከበጋ እንዲሁ ነው። ሰውዬው በኋላ፣ «ነይ፣ በነፃ ውሰጂ፣ ብቻ በዚህ በኩል አትለፊ» ብሎ ለመናት። አሁንም በዚያው ነው የምታልፈው።

አንድ ልጅ አለቻት፣ ሳና ትባላለች። የምትማረው እዚሁ ሰፈራችን ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ነገሩ የተጀመረውም እዚያ ነው።

በጥቅምት የወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ከፊት ባለ መጋረጃ ጠረጴዛ ላይ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ተቀምጧል። ሊቀ መንበሩ አብዱልገኒ ነው። አብዱልገኒ ትልቅ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ እሱም የወሎ ሰው ነው፣ ከኑራ አገር ብዙም አይርቅም። እውነቱን ለመናገር ለትምህርት ቤቱ የሠራው ብዙ ነው። አጥሩን ያሳጠረው እሱ ነው። ሲሚንቶ ከሱቁ አውጥቶ ሰጥቷል። ከበሩ ፊት ለፊት የነበረውን የሺሻ ቤት ወረዳ ድረስ እየተመላለሰ ያስዘጋው እሱ ነው። እሱ ሲናገር ጉባኤው የሚያጨበጭበው ዝም ብሎ አይደለም።

«ጥያቄ ያለው ወላጅ?» ሲባል ኑራ እጇን አወጣች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ደነገጥኩ።

«እ… የሴቶች ሽንት ቤት ውሃ የለውም። ትላልቆቹ ልጆች… ያው… የሴት ነገር ሲመጣባቸው ቤት ይቀራሉ። ቦርዱ አንድ ነገር ቢያደርግ ብዬ ነው።»

አብዱልገኒ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ እኛ የተሰበሰብነው ለትምህርት ጥራት ነው። የሽንት ቤት ጉባኤ ስንጠራ አንቺን ሊቀ መንበር እናደርግሻለን!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ርዕሰ መምህሩ አቶ እዝራ ሳቁን በመሀረብ ሸፈነው። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ ሳያመልጠኝ አልቀረም። ኑራ ማይኩን ለማን እንደምትመልስ ጠፍቷት ቆማ ቀረች።

ማታውን የወላጆች ቴሌግራም ላይ ፎቶዋ ስቲከር ሆኖ ወጣ። «ክብርት የሽንት ቤት ሊቀ መንበር» የሚል ተጽፎበታል። ከሰኞ ጀምሮ ሳናን ክፍል ውስጥ «የክብርት ልጅ» ይሏት ጀመር። ዕንባዋን እየጠራረገች መጥታ እናቷን፣ «እማ፣ ሁለተኛ ትምህርት ቤት እንዳትመጪብኝ» አለቻት።

ኑራ ይህን የነገረችኝ ሽንኩርት እየመረጠች ነው። አላለቀሰችም።

«የሳቀብኝ ሰው ብዙ ነው፣ እሱን እተወዋለሁ» አለች። «እሱ ግን ልጄን በእናቷ እንድታፍር አደረጋት። እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ በሰው ፊት አንገቱን ሳላስደፋው አልሞትም።»

«ተይ እንጂ ኑራዬ! ምን አቅም አለሽ?»

«የለኝም። እጠብቃለሁ።»

ጠበቀች። በዓመቱ ከቦርዱ አባላት አንዷ ሴት ቤት ቀይራ ሄደችና ምትክ ይመረጥ ተባለ። ወንድ ብቻ ሲጠቆም አቶ እዝራ፣ «ሴት ትጠቆም፣ መመሪያው ያስገድደናል» አለ። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል፤ ሰው ነገሩ ቶሎ አልቆለት ወደ ቤቱ መሄድ ነው የሚፈልገው። ይሄኔ መብራት ተነሣች። መብራት ከመቀሌ የመጣች፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ፀጉር ቤት ያላት ሴት ናት። ሳቋ ከፀጉር ቤቱ ወጥቶ እኛ ጉሊት ድረስ ይሰማል።

«እኔ ኑራን ጠቁሜያለሁ!» አለች።

አብዱልገኒ ሳቀ። «ትሁን፣ ትሁን! ኮረም ትሞላልናለች።»

እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አለቀ። ኑራ የቦርድ አባል ሆነች።

ስብሰባው በየወሩ በአቶ እዝራ ቢሮ ነው። ቦርድ ምን እንደሚሠራ እኔ የማውቀው እሷ ከነገረችኝ ነው። የተማሪ ምገባው እህል በጊዜ መግባቱን ያያሉ። የሚያረፍድ መምህር ካለ ይጠይቃሉ። የተሰበረ ዴስክ ያስጠግናሉ፤ በገንዘብ የሚረዳ ሰው ይፈልጋሉ፤ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ካለ ቤቱ ድረስ ሄደው ወላጁን ያነጋግራሉ። ሥራ ነው። አጀንዳ ይነበባል፣ ጥቂት ይወራል፣ ከዚያ አብዱልገኒ ሻዩን ፉት እያለ፣ «እንግዲህ ተስማምተናል አይደል?» ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

ኑራም ትነቀንቃለች። ግን የሚሰጣትን ሥራ ትሠራለች። ምገባው ጋ ሄዳ ድስት እየከፈተች ታያለች። ሁለት እህትማማቾች ከትምህርት ሲቀሩ ቤታቸው እየተመላለሰች እናትየውን አስረድታ አስመለሰቻቸው። መምህራኑ በመንገድ ሲያገኟት ቆመው ሰላም ይሏት ጀመር። ስለ ሽንት ቤቱ የጠየቀችው አንዴ ብቻ ነው።

«ለውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ከአንድ ረጂ ድርጅት ተገኝቷል» አላት አብዱልገኒ። «መቆሚያው ብረት ስላልተሠራለት ነው። በሂደት ላይ ነው።»

«በሂደት ላይ ነው» አለ አቶ እዝራም።

ሮቶው ሳይመጣ ዓመቱ አለቀ። ሴቶቹ ልጆች በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘው መሄዳቸውን ቀጠሉ።

ኑራ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ሰኔ ላይ ግምገማ አለ። ግምገማ የማያውቅ አገራችን ውስጥ የለም፤ ብቻ የቦርዱ ግምገማ እንዴት እንደሚካሄድ ልንገራችሁ። ከወረዳ ሰው ይመጣል። ሊቀ መንበሩ መሀል ይቀመጥና እያንዳንዱ አባል በተራው ጠንካራ ጎኑንና ደካማ ጎኑን ይናገራል። ጠንካራው ረጅም ነው። ደካማው ግን ሰው የሚያስቀይም እንዳይሆን ተመርጦ ነው የሚነገረው። «ለራሳቸው ጊዜ አይሰጡም» ይባላል። «ሥራ ሲበዛባቸው ምሳ አይበሉም» ይባላል። ሁሉም ይስቃል፣ ከወረዳ የመጣው ሰው ይጽፋል፣ ሻይ ይመጣል። ከዚያ አብዱልገኒ እንደገና ለሊቀ መንበርነት ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል።

ኑራ የምትጠብቀው ያችን «ደካማ ጎን» ነው።

ምን እንደምትል ቀን ከቀን ታጠናው ነበር። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያታለሁ። «ደካማ ጎናቸው እናትን በልጇ ፊት ያዋርዳሉ። እኔን የሽንት ቤት ሊቀ መንበር ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ያንን ጉባኤ ከፍቻለሁ» የምትል ነገር ነበረች። እየደጋገመች ትስላት ነበር፣ እንደ ቢላዋ።

ነገሩን ለመብራት ነገረቻት። መብራት ደስታዋ ወሰን አጣና ፀጉር ቤት ውስጥ ሹሩባ እየሠራች፣ «ዋይ አነ! ሰኔ ላይ ኑራ ሰውየውን ታነድደዋለች!» ብላ ጮኸች። ካስኩ ውስጥ ፀጉሯን የምታደርቅ አንዲት ሴት ነበረች። የአብዱልገኒ ሚስት ናት። ካስኩ ስለሚጮህ አትሰማም ብላ ነው መብራት፤ ሴትየዋ ሰምታለች።

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ የኑራ በር ተንኳኳ። ሼህ ሰዲቅ ናቸው። ሼህ ሰዲቅን የማያከብር የወሎ ሰው ሰፈራችን የለም፤ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተካሰሰ ጎረቤት፣ ሁሉም በሳቸው ነው የሚታረቀው። ከኋላቸው አብዱልገኒ ቆሟል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ያሕያ ፈረቃ ላይ ነበር። ሳና ከመጋረጃው ጀርባ ዕቃ ታጥባለች። እኔ ቀድሜ እዚያ ስለነበርኩ ልውጣ ብል ሼሁ፣ «ተቀመጪ፣ ጎረቤት ነሽ» አሉኝ።

ኑራ ፍራሽ አንጥፋ ሻይ አቀረበች።

«ልጄ ኑራ» አሉ ሼሁ፣ «ይኸው ወንድምሽ አጥፍቻለሁ ብሎ መጥቷል። ሽማግሌ ዝርዝር አይጠይቅም። አፉ በይውና ዱዓ አድርገን እንውጣ።»

እንዲህ ነው የኛ ደንብ። አፉ ከተባለ በኋላ ነገሩ ይቀበራል፤ ሁለተኛ ያነሣ ሰው ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል። አብዱልገኒ ይህን አውቆ ነው የመጣው። ኑራም ታውቃለች።

«አባባ፣ እግርዎ ሥር ነኝ» አለች። «ግን ምን እንዳጠፋ ከራሱ አፍ ልስማ። ያልሰማሁትን እንዴት አፉ እላለሁ?»

ሼሁ ወደ አብዱልገኒ ዞሩ። «በል፣ ንገራት። ምን ይከብዳል?»

አብዱልገኒ ኮፍያውን አገላበጠ።

«እንግዲህ… የጉሊቱን ነገር ሰምተሽ ይሆናል። ባለፈው ደንብ አስከባሪ ያስነሣችሁ ጊዜ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ለትምህርት ቤቱ በር ጽዳት ብዬ ነው እንጂ በክፋት አይደለም።»

እኔ ክው አልኩ። ያን ቀን ሙሉ ቅርጫት ቃሪያዬ ተረጋግጧል። ኑራ ወደኔ እንኳ አልዞረችም።

«እሱን አፉ ብያለሁ» አለች። «ሌላ።»

«ሌላ?»

«ሌላ።»

አብዱልገኒ ላቡን ጠረገ። ሼሁን አየ፣ መሬት አየ።

«በቃ፣ ስለ ሮቶው ከሆነ፣ ማን እንደነገረሽ አላውቅም፤ ጎሮ ያስቀመጥኩት ለጊዜው ነው። ቤት እየሠራሁ ነው፣ ውሃው እዚያ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ኮንክሪት ካላጠጡት ይሰነጠቃል። መቆሚያው እስኪሠራ ድረስ ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ወላሂ፣ ልመልሰው ነበር!»

ከመጋረጃው ጀርባ የዕቃው ድምፅ ቆመ። የሼህ ሰዲቅ መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ቀጥ አለ።

ኑራ ስለ ሮቶው የምታውቀው ነገር አልነበረም። አላህ ምስክሬ ነው፣ አንዳችንም አናውቅም ነበር። ፊቷ ላይ ግን ምንም አልታየም። እንደዚያች የበሰበሰ ቲማቲም ቀን ሆነች።

«ሌላስ?»

«አሁንስ ሌላ የለም። ሌላ ምን አለ?» አለ አብዱልገኒ።

ከልቡ ነው። እኔ ፊቱን ሳይ ነበር፤ ግራ ገብቶታል። ያን የጥቅምት ቀን ድንኳን ውስጥ ያላትን ረስቶታል። እሷ ሌትና ቀን የተሸከመችውን እሱ አፉን ጠርጎ ትቶት ሄዷል። ቢያስታውሰው ኖሮ፣ «እህቴ ያን ቀን አሳፍሬሻለሁ» ቢላት ኖሮ፣ ምናልባት ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አላውቅም። እኔ የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ ልጽፍ አልችልም።

ኑራ ተነሥታ የሼሁን ጉልበት ሳመች።

«አባባ፣ እርስዎን እምቢ ማለት ሞቴ ነው። ግን የመጣበትን ነገር ራሱ አላወቀውም። አፉ አልልም።»

«ሽማግሌ ደጅሽን ረግጦ?»

«አፉ አልልም፣ አባባ።»

«ምን እንዳደረገሽ ንገሪው እንግዲያ!»

«አልነግረውም። እኔ ሳስታውሰው የኖርኩትን ለሱ ላስታውስለት?»

ሼሁ ሻዩን ሳይቀምሱ ተነሡ። በሩ ላይ ቆመው፣ «አልታረቃችሁም። እኔ ዱዓ አላደረግሁም» አሉና ወጡ። አብዱልገኒ ተከተላቸው። ኮሪደሩ ላይ፣ «ምን ዓይነት ሴት ናት!» ሲል ሰምተነዋል።

ሳና እጇ አረፋ እንደለበሰ ከመጋረጃው ወጣች።

«እማ፣ እኛ ሃይላንድ ተሸክመን እሱ ኮንክሪት ያጠጣበታል?»

ያሕያ ከፈረቃ ደውሎ ሲሰማ፣ «ኑርዬ፣ በአላህ ተይው፣ ሰውየው ወዳጅ ብዙ ነው፣ ኋላ መቀመጫ ታሳጪናለሽ» አላት። «እሺ» አለችው። እሺ ያለችው ልቡ እንዲያርፍ ብላ ነው።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ቢሮ ውስጥ ስላልገባሁ የሰማሁትን ነው የምጽፈው፤ ኑራም መብራትም አንድ ዓይነት ነው የነገሩኝ። መብራት አባል ባትሆንም የወላጅ ታዛቢ ነኝ ብላ በሩ አጠገብ ወንበር ይዛ ተቀምጣ ነበር። ከወረዳ የመጣችው ወይዘሮ ሚርያም ናት፣ ቀጠን ያለች፣ ብዙ የማትስቅ ሴት።

አቶ እዝራ ጀመረ። «ጠንካራ ጎናቸው ተዘርዝሮ አያልቅም። ደካማ ጎናቸው፣ ስልካቸው አይዘጋም፣ እኛንም እንቅልፍ ነሡን!»

ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ የመምህራን ተወካዩ፣ «ደካማ ጎናቸው ለጤናቸው አይጨነቁም» አለ። ሳቅ። ተራው ኑራ ጋ ደረሰ። አብዱልገኒ እያያት አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ትቢያ ይጠርጋል።

«ጠንካራ ጎናቸው» አለች ኑራ፣ «አጥሩን አሳጥረውልናል። ሺሻ ቤቱን አስዘግተዋል። እውነት ነው፣ ልጆቻችን ተርፈዋል።»

አብዱልገኒ ቀና አለ። አፉን ለምስጋና ሊከፍት ነው።

ያቺ የተሳለችው ንግግር ከኑራ አፍ አልወጣችም። ጠፋችባት። የፈለገቻት ያህል ፈለገቻት፣ የለችም። በመጨረሻ፣ በዚያች ቀጭን ድምጿ፣

«ደካማ ጎናቸው፣ የሴቶች ልጆቻችንን ሮቶ ጎሮ ቤታቸው ወስደው ኮንክሪት ያጠጡበታል» አለች።

ወይዘሮ ሚርያም እስክሪብቶዋን አነሣች። «አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ።»

አብዱልገኒ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ጉባኤ ላይ ይወጣል እንዴ? በየትኛው ደንብ ነው? ሼህ ሰዲቅ ፊት የተናገርኩትን እዚህ ታወጪዋለሽ?»

«አፉ አላልኩም» አለች ኑራ።

«ባትይስ! ምስጢር ነው! እኔ ለሽማግሌ ብዬ የተናገርኩትን…»

መሀል ላይ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ማንም ያልጠየቀውን ራሱ እንደመሰከረ ያኔ ነው የገባው። አቶ እዝራ መሀረቡን ከኪሱ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ፤ ያኛው ዓመት ሳቁን የሸፈነበት ነው፣ ዘንድሮ የሚሸፍነው ሌላ ነበር።

«ምንድን ነው ሽማግሌ ፊት የተናገሩት?» አለች ወይዘሮ ሚርያም፣ በቀዘቀዘ ድምፅ።

መብራት ከበሩ፣ «ይናገሩ እንጂ፣ ኮረሙ ሞልቷል!» አለች።

ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። አብዱልገኒ ተቀመጠ። አንገቱን ደፋ። ኑራ የፈለገችው ይሄ ነበር፣ ደግሞም አየችው፤ ዓይኗን አልነቀለችለትም። መብራት «አንድ ሰው ሳይደበድቡት እንደዚያ ሲያጥር አይቼ አላውቅም» ብላኛለች።

ቦርዱ ተነጋገረ። አብዱልገኒ ከሊቀ መንበርነት እንዲነሣ፣ ለጠቅላላ ጉባኤውም እንዳይቀርብ ተወሰነ፤ ሮቶው በማግስቱ ጠዋት እንዲመለስ፣ መቆሚያውንም በራሱ ብረት እንዲሠራ። «ተስማምተናል?» ስትል ወይዘሮ ሚርያም ሁሉም እጁን አወጣ። አብዱልገኒ ራሱ ሳያውቀው እጁ ግማሽ ድረስ ተነሥቶ ነበር ይላሉ። ለጊዜው የመምህራን ተወካዩ ይምራ ተባለ። ኑራን፣ «አንቺስ?» ቢሏት፣ «እኔ የምሸጠው አለኝ» ብላ ወጣች።

ነገሩ በከሰዓቱ ሰፈሩን አዳረሰው። ቴሌግራሙ ላይ ሌላ ስቲከር ወጣ፤ ይሄኛው የአብዱልገኒ ነው፣ ሮቶ ላይ ተቀምጦ። ኑራ አይታው ስልኩን ለሳና መለሰችላት። ሳና ሳቀች፣ እናትየው አልሳቀችም። ሼህ ሰዲቅ ግን ከመስጊድ ሲመለሱ በጉሊታችን አለፉ። ኑራ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባባ» ብላ ተነሣች። ሼሁ ሰላምታዋን በከንፈራቸው ብቻ መለሱና አለፉ። ሁልጊዜ ከሷ ነበር ቃሪያ የሚገዙት። የዚያን ቀን ከማንም አልገዙም።

«ቆጨሽ?» አልኳት።

«የቆጨኝ» አለች፣ «ያቺ ያጠናኋት ንግግር ናት። አሁን ትዝ አለችኝ። ሙሉ በሙሉ ትዝ አለችኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ኑራ ጉሊት አልወጣችም። መብራትን ይዛ፣ ትንሽ ፒካፕ ተከራይታ ጎሮ ሄደች። እኔም ከኋላ ተንጠላጥዬ ሄድኩ። አብዱልገኒ ግቢው ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር ቆሞ አገኘነው። ሮቶው ጥቁር፣ ትልቅ፣ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ እስከ አፉ ሞልቷል። ለካ የውሃ ተራቸው ያን ሌሊት ነበር።

«ነገ ከነመቆሚያው እልከዋለሁ» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

«ዛሬ ነው የተባለው።»

«እሺ፣ ውሃውን ወደ በርሜል እስክንገለብጥ ታገሡ። ሌላ ውሃ እስከ ሳምንት አይመጣም፣ ሠራተኛ ቆሞብኛል።»

በርሜሎቹ ባዶ፣ እዚያው ግድግዳው ሥር ተደርድረው ነበር። ኑራ አየቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሮቶውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ውሃው በአሸዋው ላይ ወረደ። «ኧረ ሴትዮ!» አለ አንዱ ግንበኛ፣ ባልዲ ይዞ እየሮጠ። ኑራ ቧንቧው ፊት ቆመች፤ ባልዲውን የሚያስጠጋበት ቦታ አልሰጠችውም። ውሃው ጫማዋን፣ የቀሚሷን ጫፍ አረጠበው። መብራት እንኳ ሳቋ ጠፍቶ፣ «ኑራ፣ ይበቃል» አለች። አልበቃትም። ጠብታው እስኪያልቅ ጠበቀች።

ከዚያ ሮቶውን በአንድ በኩል አቀፈችና አብዱልገኒን ቀና ብላ አየችው።

«ያዝ በዚያ በኩል» አለችው።

ያዘ። አንሥተው ፒካፑ ላይ ጫኑት። ኑራ አብራው ከኋላ ወጥታ በሁለት እጇ ይዛው ተቀመጠች፣ ሹፌሩንም፣ «በትምህርት ቤቱ በትልቁ በር በኩል ግባ፣ ልጆቹ ሰልፍ ላይ ሳሉ እንድረስ» አለችው።